ውሉ የጠፋ እሽግ



ለዛሬ ይዘን የቀረብነው ርእስ ከሶላትና ከጾም፣ ከኒካሕና ከውርስ ጉዳይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ይመስላል። ስለ ክዳን፣ ስለ ቆርቆሮ፣ ስለ ፕላስቲክ እሽግ ነው። ይሁን እንጂ ዲናችን ሰውን የሚያስቸግር ነገር ከመንገድ ላይ ማንሳትን ሳይቀር ከኢማን ቅርንጫፎች ይቆጥራል። ስለዚህ በየቤታችን ዕለት ዕለት እጃችንን የሚያደማውንና ትዕግሥታችንን የሚፈትነውን ነገር አንስቶ መነጋገር ከቁም ነገር መውጣት አይደለም ብለን እናምናለን።

እስቲ አንድ የረመዳን ምሽት እናስታውስ። ሾርባው እሳት ላይ ነው፤ ሳምቡሳው ተጠብሷል፤ ተምሩ በሳህን ቀርቧል። ሙአዚኑ አዛን ሊል ጥቂት ደቂቃዎች ቀርተውታል። ልክ በዚህ ሰዓት እማወራዋ የሳልሳ ቆርቆሮ አንስታ መክፈቻ ትፈልጋለች፤ መክፈቻው የለም። ትልቁ ልጅ ቢላ ያቀብላታል። የቢላውን ጫፍ ክዳኑ ላይ አቁማ በዘነዘና ትመታዋለች። ሳልሳው ግድግዳው ላይ ይረጫል፤ አንዳንድ ጊዜም ከሳልሳው ጋር የጣት ደም ይቀላቀላል። ቀኑን ሙሉ ምላሱን ጠብቆ የዋለው አባወራም አዛኑ ሳይሰማ በፊት የማይገባ ቃል ከአፉ ያመልጠዋል።

የዘይት ጀሪካን ሲከፍት በውስጥ ያለው የፕላስቲክ ቀለበት ተበጥሶ እጁ ላይ የቀረበት፣ የብስኩት መጠቅለያ በጥርሱ ሲጎትት ብስኩቱ መሬት ላይ የተበተነበት፣ አዲስ የገዛውን የእጅ ባትሪ ከደረቁ ፕላስቲክ ለማውጣት ከመቀስ እስከ ምላጭ የሞከረ ስንቱ ነው? ይህ ሁሉ ሊያስቅ ይችላል። እኛም ብዙ ጊዜ ስቀንበታል። ሳቃችንን ያስቆመው ግን በአንድ የዕረፍት ጊዜ ደሴ፣ እናታችን ቤት ያየነው ነገር ነው።

የአንድ ብልቃጥ ታሪክ

እናታችን ሰባ ዓመታቸውን አልፈዋል። የጣቶቻቸው መገጣጠሚያ በተለይ ጠዋት ጠዋት አልታዘዝ ይላቸዋል። የደም ግፊትም አለባቸው። ውጭ አገር የምትኖር እህታችን ሐኪማቸው ያዘዘላቸውን መድኃኒት ገዝታ በሰው እጅ ላከችላቸው። መድኃኒቱ ነጭ ክዳን ባለው የፕላስቲክ ብልቃጥ ውስጥ ነው። ክዳኑ ላይ ወደ ታች ተጭኖ ማዞር እንደሚያስፈልግ በእንግሊዝኛ ተጽፎበታል። እናታችን ቁርአን ይቀራሉ፤ እንግሊዝኛ ግን አያነቡም። ክዳኑን ሲያዞሩት ጣ ጣ ጣ እያለ ይሽከረከራል እንጂ አይከፈትም።

ሦስት ቀን ሞከሩ። ከዚያ ብልቃጡን በጨርቅ ጠቅልለው ሳጥናቸው ውስጥ አስቀመጡት። እኛ ስልክ ስንደውል «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ይሉናል። ዋሽተውን አይደለም፤ መድኃኒቱን ይወስዱ እንደሆነ በወጉ የጠየቃቸው አልነበረም። በኋላ «ለምን ጎረቤት አልጠሩም?» ብንላቸው፣ «ክዳን መክፈት አቃተኝ ብዬ የሰው ልጅ ከሥራው ላስፈታ እንዴ፣ ልጄ?» አሉን።

ዘጠኝ ቀን ያለ መድኃኒት አለፈ። በአሥረኛው ቀን ራሳቸውን ሲያዞራቸው የጎረቤት ልጅ ጠሩ። ልጁ የክዳኑን ዘዴ አያውቅምና በቢላ ፈለቀቀው፤ መዳፉንም ቆረጠው። የተፈለቀቀው ክዳን ከእንግዲህ አይገጥምም። ስለዚህ ክኒኑ በሲኒ ተገልብጦ ረከቦቱ ላይ ተቀመጠ። እኛ ስንደርስ ያገኘነው ይህን ነበር። የወንድማችን የሦስት ዓመት ልጅ ረከቦቱ ሥር ተቀምጦ ይጫወታል፤ ከረሜላ የሚመስለው ክኒን ከእጁ አንድ ስንዝር ነው የሚርቀው።

ሱብሓነላህ! አንዲት ክዳን አንዲትን አዛውንት ከመድኃኒታቸው ለየች፤ የአንድን ልጅ መዳፍ አስቆረጠች፤ ሌላውን ሕፃን ለሞት አቀረበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ነገሩን በጥሞና መመርመር የጀመርነው።

መዝጋት አማና ነው

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ ማሸግንና መዝጋትን የምንቃወም አይደለንም። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት፣ ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ሲሆን የምግብና የመጠጥ ዕቃዎች እንዲከደኑ፣ የውሃ አቁማዳዎች አፋቸው እንዲታሰር፣ በሮች እንዲዘጉ አዘዋል። በዚያው ሐዲስ ውስጥ ሲመሽ ልጆችን ከቤት እንዳናወጣም አሳስበዋል። ክዳንና ልጅ ጎን ለጎን መጠቀሳቸውን ልብ እንበል። መክደን ምግብን ከተባይና ከአቧራ፣ ቤተሰብን ከጉዳት መጠበቂያ ነው። አማና ነው።

እናቶቻችንም ይህን ያውቁበት ነበር። አገልግልን እንውሰድ። ስፌቱ በቆዳ የተለበጠ ነው፤ ክዳኑ በጠፍር ይታሰራል። መንገደኛው በቅሎ ላይ ጭኖት ቀኑን ሙሉ ቢጓዝ ምግቡ አይፈስም፤ አቧራም አይገባበትም። ከደረሰበት ቦታ ደግሞ ጠፍሩን ያሰረችው እናትም፣ አብሮ የተጓዘው ልጅም፣ የተቀበሉት ሽማግሌም ያለ ችግር ይፈቱታል። ያሰረው ሰው የሚፈታውን ሰው አስቦ ነውና ያሰረው።

ወደ ሱቅ ስንሄድ ደግሞ የስኳር ወይም የዱቄት ጆንያን እንመልከት። አፉ በማሽን የተሰፋ ነው። ልምድ ያለው ባለሱቅ ትክክለኛውን የክር ጫፍ ይዞ አንዴ ሲስበው ስፌቱ ከዳር እስከ ዳር ይተረተራል፤ ቢላም ጉልበትም አያስፈልገውም። ከተሳሳተው ጫፍ የጀመረ ሰው ግን በሳበው ቁጥር ክሩ ይጠብቅበታል፤ በመጨረሻም ጆንያውን በቢላ ይቀደዋል፤ ስኳሩም ይፈስበታል። ያንን ትክክለኛ ጫፍ ጥጥ ፈታይ እናቶቻችን ውል ይሉታል። ውሉ የጠፋ ልቃቂት ምን ያህል እንደሚያስመርር የሚያውቅ ያውቀዋል። እንግዲህ የዘመናችን እሽግ ችግር መጥበቁ ሳይሆን ውሉ መጥፋቱ ነው።

ክዳኑ ለምን ጠነከረ?

ነገሩ ከጥንትም እንዲህ ነበር። ምግብን በቆርቆሮ ማሸግ የተጀመረው ፒተር ዱራንድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1810 የፈጠራ መብት ካገኘበት ጊዜ ወዲህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቆርቆሮዎች ወፍራምና ከባድ ስለነበሩ የሚከፈቱት በመሮና በመዶሻ ነበር። አሜሪካዊው ኤዝራ ዋርነር ለቆርቆሮ መክፈቻ የፈጠራ መብት ያገኘው በ1858 ነው። አስቡት! ቆርቆሮው ከተፈጠረ 48 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የሰው ልጅ መዝጊያውን ፈጥሮ መክፈቻውን ለማሰብ ግማሽ ምእተ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ዛሬ በቀለበት ተስቦ የሚከፈተው የመጠጥ ጣሳም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ነው። የሠራው ኤርማል ፍሬዝ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ እንደሚተረከው ከሆነ፣ ሐሳቡ የመጣለት ለሽርሽር ወጥቶ መክፈቻ በረሳበት ቀን ነበር። ልክ እንደኛ የኢፍጧር ሰዓት ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ እሽጎች ሆን ተብለው እንዲጠነክሩ ያደረጉ ሦስት ምክንያቶች መጡ።

የመጀመሪያው ለሕፃናት መታሰቡ ነው። በካናዳ ዊንድሰር ከተማ የሕፃናት ሐኪም የነበሩት ዶክተር ሄንሪ ብሮ መድኃኒት የዋጡ ሕፃናት በየጊዜው እየመጡባቸው ስለተቸገሩ እ.ኤ.አ. በ1967 በመዳፍ ተጭነው ካላዞሩት የማይከፈት ክዳን በሥራ ላይ እንዲውል አደረጉ። የእናታችንም ብልቃጥ ክዳን የዚህ ዘር ነው። አሜሪካ በ1970 ባወጣችው ሕግ ለሕፃናት አደገኛ የሆኑ መድኃኒቶችና የቤት ውስጥ ኬሚካሎች በዚህ ዓይነት ክዳን እንዲታሸጉ አዘዘች። ይህ ክዳን የብዙ ሕፃናትን ሕይወት አትርፏል፤ ልናመሰግነው እንጂ ልንረግመው አይገባም።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ክፋት ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ቺካጎና በአካባቢዋ ያልታወቀ ሰው ታይሌኖል በተባለ የሕመም ማስታገሻ እንክብል ውስጥ ሲያናይድ የተባለ መርዝ ጨምሮ በየሱቁ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠ። ሰባት ሰዎች ሞቱ። አምራቹ 31 ሚሊዮን ያህል ጠርሙሶች ከገበያ ሰበሰበ። ከዚያ ወዲህ ነው እሽጉ ተነክቶ እንደሆነ የሚያሳይ ማኅተም፣ በብልቃጡ አንገት ላይ የሚጠበቅ ፕላስቲክና ከክዳኑ ሥር የሚለጠፍ ስስ ሽፋን የተስፋፋው። በውሃ ጠርሙስ ክዳን ላይ ስንከፍተው ቀጭ ብሎ የሚለየው ቀለበት የሚያገለግለው ለዚሁ ነው፤ ማንም ቀድሞን እንዳልከፈተው ምስክር ይሆነናል።

ሦስተኛው ምክንያት ሌብነት ነው። የእጅ ባትሪ፣ መቀስ፣ የስልክ ዕቃ የመሳሰሉት ከራሳቸው አራት እጥፍ በሚበልጥ ደረቅ ፕላስቲክ ውስጥ የሚታሸጉት አንድም ዕቃው ለገዢ እንዲታይ፣ አንድም ሌባ በኪሱ ከትቶ እንዳይወጣ ነው። የሚያሳዝነው ግን ሌባውን ለመከላከል የተሠራው ግንብ በሐላል ገንዘቡ የገዛውን ሰው ቤቱ ድረስ ተከትሎ መሄዱ ነው።

ለማን እጅ ተሠራ?

እንግዲህ የጥበቃው ዓላማ በጎ ከሆነ ስሕተቱ የት ላይ ነው? መልሱን ከዚያው ከመድኃኒት ክዳኑ ታሪክ እናገኘዋለን።

በአሜሪካ ይህ ክዳን ገበያ ላይ ከመዋሉ በፊት ይፈተናል። ዕድሜያቸው ከ42 እስከ 51 ወር የሆኑ ሕፃናት ብልቃጡ ይሰጣቸዋል፤ በ10 ደቂቃ ውስጥ ቢያንስ 80 ከመቶዎቹ መክፈት ካልቻሉ ክዳኑ አለፈ ይባላል። ዐዋቂዎች ደግሞ መክፈት መቻላቸው ይፈተናል። ለብዙ ዓመታት ግን ለዚህ ፈተና የሚመረጡት ዐዋቂዎች ዕድሜያቸው ከ18 እስከ 45 የሆኑ ነበሩ። መድኃኒት አብዝቶ የሚወስደው ማን ነው? አዛውንቱ አይደለምን? ክዳኑ የሚሞከረው ግን በጎልማሳ እጅ ነበር። አዛውንቶችም መክፈት ሲያቅታቸው ክዳኑን ከነጭራሹ ሳይገጥሙ ይተዉታል ወይም ክኒኑን ወደ ሌላ ዕቃ ይገለብጡታል፤ የልጅ ልጅ ሲመጣ ያገኘዋል። ከባሕር ማዶ የሆነው ይህ ነገር በደሴው ረከቦት ላይ ካየነው ጋር አንድ ነው። ሲበዛ የጠበቀ ክዳን ክፍት ሆኖ ይቀራል።

በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1995 ደንቡ ተለወጠ። ፈተናው ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 70 በሆኑ ሰዎች እጅ እንዲሆን ተደረገ። መጀመሪያ በ5 ደቂቃ ውስጥ፣ ቀጥሎም በ1 ደቂቃ ውስጥ ከፍተው በትክክል መልሰው መዝጋት ከቻሉት 90 ከመቶ ካልሞሉ ክዳኑ አያልፍም። ሕፃኑን የሚከለክለው ጉልበት ሳይሆን ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ማድረግ፣ ማለትም መጫንና ማዞር እንዲሆን መሐንዲሶቹ ተገደዱ። ከዚህም በላይ ሕጉ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከጠየቀ ፋርማሲው ቀላል ክዳን እንዲሰጠው ይፈቅዳል።

ሌሎችም አገሮች በዚህ መንገድ ሄደዋል። በጃፓን ካኦ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 በሻምፖ ጠርሙስ ጎን ላይ በእጅ የሚዳሰሱ ጭረቶች አወጣ፤ ዓይነ ስውር ሰው፣ ወይም ዓይኑን ሳሙና የያዘው ሁሉ፣ ሻምፖውን ከሌላው ጠርሙስ በዳሰሳ ይለያል። ኩባንያው ሐሳቡን ለብቻዬ ይሁን ስላላለ ሌሎች አምራቾችም ተከተሉት። በኋላም በወተት ካርቶን አናት ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት ተጨመረ፤ መክፈቻው ከምልክቱ ተቃራኒ ባለው ወገን ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው መመሪያ የመድኃኒት ስም በካርቶኑ ላይ በብሬል እንዲጻፍ አዘዘ። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ2015 እሽጎች በቀላሉ የሚከፈቱ ስለመሆናቸው አንድ ደረጃ አወጣ። በአሜሪካ ኮንሲዩመር ሪፖርትስ የተባለው የሸማቾች መጽሔት በ2006 ለመክፈት እጅግ አስቸጋሪ ለሆኑ እሽጎች የነቀፋ «ሽልማት» መስጠት ጀምሮ ነበር፤ ሁለት ዓመት ቆይቶ በ2008 ትልቁ ነጋዴ አማዞን አንዳንድ ዕቃዎችን በቀላሉ በሚከፈት ካርቶን መላክ ጀመረ። ይህ ሁሉ የሚያስተምረን አንድ ነገር ነው፦ ሰዎች ሲናገሩ እሽግ ይለወጣል።

ውልና ሽያጭ

በቋንቋችን ውል ማለት የክር ጫፍ ብቻ አይደለም፤ በሻጭና በገዢ መካከል ያለው ስምምነትም ውል ነው። ሁለቱ በአንድ ስም መጠራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለንም። ሻጭ ዘይት ሲሸጥልን የሸጠልን ጀሪካኑን ሳይሆን ዘይቱን ነው። ዘይቱ ጋ መድረስ ካልቻልን ገንዘባችን ሄዶ ዕቃው ገና በመንገድ ላይ ነው። ይህን ስንል ፈትዋ መስጠታችን አይደለም፤ ያ የዑለማዎቻችን ድርሻ ነው። ነገር ግን የንግድ አደባችንን ለማስታወስ እንወዳለን።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን በተቆለለ እህል ውስጥ አስገብተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ ባገኙት ጊዜ፣ ሻጩ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠይቀው ማታለልን አጥብቀው ማውገዛቸውን ሙስሊም ዘግበዋል። አስተውሉ፤ ነቢያችን በቁልሉ አናት ብቻ አልፈረዱም። ገዢው ቤቱ ገብቶ እጁን ሲያስገባ የሚያገኘውን ነገር ራሳቸው በእጃቸው ፈተኑት። ሱረቱል ሙጠፊፊንም ለራሳቸው ሲሰፈር ሞልተው የሚወስዱትን፣ ለሌላው ሲሰፍሩ ግን የሚያጎድሉትን ታወግዛለች። ለራሱ እናት በመቀስ ከፍቶ የሚያቀርብ፣ ለሰው እናት ግን የማይከፈት እሽግ የሚሸጥ ነጋዴ በዚህ መስተዋት ፊቱን ቢያይ ምን ይለዋል? በቀደምት የሙስሊም ከተሞች የገበያውን ሚዛንና የዕቃውን ጥራት እየዞረ የሚመለከት ሙሕተሲብ ነበር። ዛሬ ሙሕተሲቡ የየራሳችን ኅሊና ነው።

ስለዚህ አምራች ለሆኑ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን አንድ ጥያቄ አለን። አዲስ እሽግ ከማውጣታችሁ በፊት ለአንዲት አዛውንት እናት ስጧትና ያለ ቢላ፣ ያለ ጥርስ መክፈት ትችል እንደሆነ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። በከረጢቱ ጠርዝ ላይ መቅደጃ የምትሆን ትንሽ ቁርጥ አብጁለት። «እዚህ ላይ ይቅደዱ» ብላችሁ ከጻፋችሁም በእርግጥ እዚያ ላይ የሚቀደድ ይሁን። ከጽሑፍ ይልቅ ሥዕል ብታደርጉበት ማንበብ የማይችለውም ይጠቀማል። ባለሱቆችም መቀስ በገመድ አስራችሁ መደብራችሁ ላይ ብታንጠለጥሉ፣ አረጋዊ ሲገዛችሁ «ልክፈትልዎ?» ብትሉ ሰደቃ ነው። መድኃኒት ቤት የምትሠሩ ደግሞ ብልቃጥ ስትሰጡ አወሳሰዱን ብቻ ሳይሆን አከፋፈቱንም አሳዩ፤ በሽተኛው በፊታችሁ ከፍቶ ይዝጋው።

በቤታችን ምን እናድርግ?

አምራቹ እስኪሰማን ድረስ ግን እኛም የምናደርገው አለ።

አንደኛ፣ መክፈቻ በቤት ይኑር፤ ቦታውም ይታወቅ። ለኢፍጧር የሚያስፈልገው ቆርቆሮ ሁሉ ከዐስር በኋላ፣ ችኮላው ሳይመጣ ይከፈት። የተከፈተው ክዳን ጠርዙ ስለት ስለሆነ በጣት አይገፋ፤ ልጅ ከማይደርስበት ይጣል።

ሁለተኛ፣ ቢላ መክፈቻ አይደለም። ግድ ከሆነ ዕቃውን በእጅ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ አስደግፎ፣ ስለቱን ከራስ ወደ ውጭ አድርጎ መቁረጥ ነው። ለደረቅ ፕላስቲክ ጠንካራ መቀስ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ብረት ክዳን ያለው የብርጭቆ ዕቃ አልከፈት ሲል ጉልበት ከመጨመር በፊት ክዳኑን ለጥቂት ጊዜ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር፤ ብረቱ በሙቀት ይሰፋል። ወይም የማንኪያ ጫፍ ከክዳኑ ጠርዝ ሥር አስገብቶ ቀስ አድርጎ ማንሳት፤ አየር ገብቶ ቀጭ ሲል በቀላሉ ይዞራል። የላስቲክ ጓንት ወይም እርጥብ ጨርቅም እጅ እንዳይንሸራተት ይረዳል።

አራተኛ፣ ተጭኖ የሚዞረውን የመድኃኒት ክዳን በአየር ላይ ይዞ መታገል አይገባም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ በመዳፍ፣ ማለትም በክንድ ክብደት፣ ወደ ታች ተጭኖ ማዞር ነው።

አምስተኛውና ዋናው፣ አስቸገረን ብለን መድኃኒትንም ሆነ መርዛማ ነገርን ከእሽጉ ወደ ሌላ ዕቃ አንገልብጥ። በረኪና ወይም ነጭ ጋዝ በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ማስቀመጥ ልጅን አጠጡት እንደማለት ነው። ይህን የመሰለ ነገር የዋጠ ልጅ ካጋጠመ ለማስመለስ አይሞከር፤ የዋጠበትን ዕቃ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም መሮጥ ነው።

ስድስተኛ፣ ቁጣን እንቆጣጠር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ብርቱ ሰው ታግሎ የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑን አስተምረዋል፤ ቆሞ የተቆጣ እንዲቀመጥም መክረዋል። ከፕላስቲክ ጋር ግብ ግብ የገጠመ ሰው ይህን ያስታውስ። ቁጭ ብሎ ቢስሚላህ ሲል ቀድሞ ያላየውን ጫፍ የሚያገኝበት ጊዜ ብዙ ነው።

ለወጣቶች አንድ ቃል

ውድ ወጣቶች! በሱረቱል ቀሶስ የሙሳን (ዐ.ሰ) ታሪክ ታውቃላችሁ። መድየን በደረሱ ጊዜ ስደተኛና ደካክመው የመጡ ነበሩ። ሁለት ሴቶች ከብቶቻቸውን ገታ አድርገው ከእረኞቹ ኋላ ቆመው አዩ። አባታቸው በዕድሜ የገፉ መሆናቸውን ነገሯቸው እንጂ ውሃ ቅዳልን አላሏቸውም። ሙሳ ግን ሳይለመኑ ቀዱላቸው፤ ከዚያም ወደ ጥላው ዞር አሉ።

በየቤታችሁ ዙሪያ ውሃ ቅዳልኝ፣ ክዳን ክፈትልኝ የማይሉ አረጋውያን አሉ። አፍረው ነው። ልጆቻቸው ርቀውባቸው ነው። ስትዘይሯቸው ሰላምታ ብቻ ሰጥታችሁ አትውጡ፤ «የሚከፈት ነገር አለ ወይ?» በሉ። የገዛ እናታችሁ ሦስተኛ ጊዜ ብልቃጥ ይዛ ስትመጣም ፊታችሁ አይጥቆር። አላህ (ሱ.ወ) ለወላጅ የመሰላቸት ድምፅ እንኳ እንዳናሰማ ከልክሎናል። እኛ ይህን የምንለው ጥፋተኛ ሆነን ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ በስልክ «ደህና ነዎት ወይ?» አልን እንጂ «መድኃኒቱን ወሰዱ ወይ? ተከፈተልዎ ወይ?» ብለን አልጠየቅንም።

የእናታችን ነገር እንዲህ ሆነ። እህታችን ፋርማሲውን ጠይቃ ቀጣዩን መድኃኒት ቀላል ክዳን ባለው ብልቃጥ ላከች። ብልቃጡም ሕፃኑ እንዳያገኘው በሚቆለፍ ሳጥን ውስጥ ገባ፤ ቁልፉ በእናታችን አንገት ላይ ተንጠለጠለ። ቀላሉ ብልቃጥ እስኪመጣ ድረስ ግን የወንድማችን ትልቋ ልጅ በየቀኑ ከሱብሒ በኋላ እየመጣች ታስውጣቸው ነበር። መድኃኒቱን ካስዋጠቻቸው በኋላ አብራቸው አንድ ገጽ ቁርአን ትቀራለች፤ ከዚያ ወደ ትምህርት ቤቷ ትሄዳለች። አዲሱ ብልቃጥ ሲደርስ «እንግዲህ ራስዎ ይከፍቱታል፤ ልጅቷ መመላለሷን ትተው?» ብለን ጠየቅናቸው።

እናታችን ቁልፉን በጣታቸው እየነካኩ ትንሽ አሰቡና፣ «ክዳኑስ ይከፈታል፤ እሷ ግን ትምጣ» አሉን።

አላህ (ሱ.ወ) የተቸገረን ከሚያገሩ፣ ለሌላው እጅ ከሚያስቡ ባሮቹ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።